ሰው በሰው የሚገባበት ግቢ

ቀናተኛ ነሽ ብትሉኝ አልክድም። ምቀኛ ግን አይደለሁም። ምቀኛ ሰው የሌላው እንዲጠፋ ይመኛል፤ እኔ ለእኔም ይኑረኝ ነው የምለው። ይህን ልዩነት ለየምስራች ስንት ዓመት ባስረዳት አልገባት ብሏል።

የምስራችና እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በአንድ አጥር ተለያይተን ነው ያደግነው። እሷ ልብስ ስፌት ስትማር እኔም ተመዘገብኩ፤ መርፌው ጣቴን ሲበሳሳኝ ትቼ ፀጉር ሥራ ገባሁ። እሷ ፀጉሯን ስትቆረጥ በማግስቱ እኔም ተቆረጥኩ። እናቴ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የምስራች ጅቡቲ ገባችና በየሳምንቱ ፎቶ ትልክልኝ ጀመር። ሰማያዊ በር ላይ ቆማ፣ ያን ስስ የሶማሌ ቀሚስ፣ ድሪያ፣ ለብሳ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ታድላ» ብሎ ያልፋል። እኔ ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋና ከኋላዋ ያለውን አንድ በአንድ አያለሁ፦ አልጋዋን፣ መጋረጃዋን፣ አጠገቧ የቆመችው ልጅ ትከሻዋ ላይ የጣለችውን እጅ። ቆሽቴ ያርራል።

እና እኔም መጣሁ። ብቻዬን፣ በአንድ ሻንጣ፣ በታኅሣሥ። ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ የምስራች ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ወፍራለች፣ ቆዳዋ ጠርቷል። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው። ታክሲ ውስጥ ግን ለሾፌሩ በሶማሊኛ አንድ ነገር ብላው ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ኧረ ምንም፣ ስለ ሙቀቱ ነው» አለችኝ።

ስለ ሙቀት ሲወራ እንዲህ አይሳቅም። ካርቲየ አምስት የሚባለው ሰፈሯ እስክንደርስ አኮረፍኩ።

ፎቶው ላይ ያየሁት ግቢ ያው ራሱ ነው። ስድስት ክፍል በመሃሉ ያለውን ሰፊ ሜዳ ከብበው ተሠርተዋል። የግቢው ባለቤት አዴ ሀኪማ የሐረር ሰው ናት፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ከድሬዳዋ ጨርቅ እያመጣ ይነግድ ነበር፣ አሁን እሷ ክፍሎቹን ታከራያለች። «አንቺ» እያልኩ ስለማናግራት አትደንግጡ፤ እኛ የድሬ ልጆች አንቱታ አንችልበትም፣ የሐረር ሰውም አይቀየምም። አዴ እንግዳ በግቢዋ የሚያድረው ሳምንት ብቻ ነው ብላ ደንግጋለች። በሳምንት ውስጥ ሰፈር መምረጥ፣ ቤት መያዝ አለብኝ። ሥራው ቀድሞ ተገኝቷል፤ ከተማው መሃል ያለ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ያገኘችልኝም የምስራች ናት፤ ማን ሊሆን ኖሯል!

እኔ ግን ሰፈሬን የመረጥኩት ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው። ከየምስራች ክፍል ፊት ለፊት፣ በሩ በቁልፍ የተዘጋ ባዶ ክፍል አየሁ።

«ያኛውስ?» አልኳት።

«ተይዟል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ሳታነሳ።

በማግስቱ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባል ሌላ ሰፈር ወሰደችኝ። ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ መሬት ላይ የተዘረጋ ሸቀጥ፣ እርስ በርሱ የሚጠራራ ሰው። ያሳየችኝ ክፍል ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ልናገረው፣ ከእሷ ክፍል ይሰፋል፣ ነፋስም ያገኛል፣ ለፀጉር ቤቱም ይቀርባል። አከራይዋ አማርኛ ስለምትችል «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እህት» ብላ ውሃ ሰጠችኝ።

«ላንቺ ይሄ ይሻልሻል፣ ሰብሊ» አለችኝ የምስራች። «ሁሉን ነገር አስቤበት ነው።»

ላንቺ ይሄ ይሻልሻል! ለራሷ አምስት፣ ለእኔ ሰባት ቢስ! ውሃውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። «አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የቀሩትን ቀናት በየሰፈሩ ስታዞረኝ ለሁሉም ሰበብ አላጣሁም። አንዱ ይርቃል፣ አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ደግሞ ጭር ይላል። ሲመሽ ወደ ግቢው እንመለሳለን፣ ያኔ ነው የሚብስብኝ። ዳቦ ሻጩ በስሟ ይጠራታል። አዴ «ልጄ» እያለች ሳምቡሳ ትልክላታለች። የአዴ ልጅ፣ ሀያ የምትባለው፣ ሳታንኳኳ ትገባና አልጋዋ ላይ ዘፍ ትላለች፣ በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እልጣለሁ። ያቺ ትከሻዋ ላይ እጇን የጣለችው ልጅ እሷ ናት። የምስራች ከእኔ ጋር እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ!

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የምስራች ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ፣ አዴ ዘንድ ሄድኩ።

«አዴ፣ ያ የተዘጋው ክፍል መቼ ነው ሰው የሚገባበት?»

«የትኛው? ባዶ ነው እኮ» አለችኝ። «ሰው ካገኘሁ ዛሬም አከራየዋለሁ።»

ጠጋ አልኳት። «እኔስ?»

አዴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እዚህ ግቢ ሰው የሚገባው በሰው ነው፣ ልጄ። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ያከራየኋት ልጅ ሳትሰናበተኝ ወደ የመን ተሻገረች። ወንድሞቿ ከሐረርጌ ድረስ መጥተው እህታችንን የት አደረስሻት ብለው አንድ ወር ሙሉ በሬ ላይ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ግቢ የሚኖር ዋስ እፈልጋለሁ። ዋሱ ስላስገባው ሰው ይጠየቃል፤ ያስገባው ሰው ካጠፋ ሁለቱም ይወጣሉ። ለምን የምስራችን አትጠይቂያትም? እሷ ዋስ ከሆነች እኔ ሌላ አልጠይቅም።»

አያችሁ! ክፍሉ አልተያዘም። አንድ ቃል ብትናገር ይሰጠኝ ነበር፣ እሷ ግን ያንን አንድ ቃል ነፈገችኝ። ሰው ሆኖ ለጓደኛው ሥራ ፈልጎ፣ ዋስነት ይነፍጋል?

ብቻዋን ብጠይቃት እንደምታመካኝ አውቃለሁ። የምስራች ግን አንድ ድካም አላት፣ ይሉኝታ ይገድላታል። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንላትም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ስለዚህ አርብን ጠበቅኩ። አርብ ከሶላት በኋላ ግቢው በሙሉ በአንድ ትልቅ ትሪ ሩዝ ይበላል። አዴ፣ ሀያ፣ ተከራዮቹ ሁሉ ከብበው ሲቀመጡ፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ዋጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«አዴ፣ ስለዚያ ክፍል ያልሽኝን አስቤበታለሁ። ዋስ አላጣሁም። የምስራች አለችልኝ፣ አይደል የምስራቼ?» አልኩ።

እጇ ሩዙ ውስጥ ቀረ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። አየችኝ፤ እኔም አየኋት፣ ዓይኔን አልሰበርኩም።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «እህቴ ናት።»

አዴ «መብሩክ!» አለች፣ ሀያ አጨበጨበች። ሩዝ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ክፍሏ እንደገባን የምስራች በሩን ዘጋች። ትጮህብኛለች ብዬ ወገቤን ይዤ ቆምኩ፤ አልጮኸችም።

«ለምንድን ነው ሰው ፊት ያደረግሽው?»

«አንቺስ ለምን ተይዟል ብለሽ ዋሸሽኝ?»

«ዋሽቻለሁ» አለች። «እዚህ ስመጣ የመጀመሪያውን ዓመት ጎኔ ስላልነበርሽ አለቀስኩ። በሁለተኛው ዓመት ትከሻዬ ቀለለኝ። ቀሚስ ስገዛ ማንም አይገዛም። ጓደኛ ሳገኝ ማንም አያኮርፍም። ሥራ ፈልጌልሻለሁ፣ ቤት ፈልጌልሻለሁ፣ በየቀኑ መጥተሽ አብረን እንብላ። በር ለበር ብቻ አትሁኚብኝ ነው ያልኩሽ።»

«በር ለበር ብንሆን ምን ይጎድልብሻል?»

ሻንጣዬን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «እስቲ ክፈቺውና አሳዪኝ። የእኔን መጋረጃ ፎቶ ላይ አይተሽ ያንኑ ገዝተሽ አልመጣሽም?»

ምን ይዋጠኝ! ቢጫ አበባ ያለበት፣ ያው ራሱ። ከድሬ ገበያ ሦስት ቀን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። «መጋረጃ የግልሽ ነው እንዴ? አቦ ተይኝ!» አልኳት፤ ፊቴ ግን እሳት ሆነ።

ቅዳሜ ገባሁ። መጋረጃዬን ሰቀልኩ፣ አልጋዬን እንደ እሷ በግድግዳው በኩል አደረግኩ። ከሥራ ስመለስ በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ማን መጣባት፣ ምን ይዞ መጣ፣ አዴ ምን ላከችላት፣ አንድም አያመልጠኝም። ሀያ እሷ ዘንድ ስትገባ እኔም ሰበብ ፈልጌ እገባለሁ፤ ስኳር አለሽ? መርፌ አለሽ? ስገባ ሳቃቸው ይቆማል። የምስራች ሰላምታ አልነፈገችኝም፣ ምግብም አልነፈገችኝም። የነፈገችኝን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም፤ መጉደሉ ግን ይታወቀኝ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ተሸሽጎ በተኛበት ሰዓት ከሥራ ገባሁ። የየምስራች በር ክፍት ነው። ሀያ ባዶውን ክፍል ትጠርጋለች። አልጋው የለም፣ የስፌት መኪናው የለም፣ መስኮቱ ራቁቱን ቀርቷል።

«የት ሄደች?»

«ሰባት ቢስ» አለችኝ ሀያ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ላንቺ አሳይታሽ የነበረውን ክፍል ያዘችው።» መጥረጊያውን ይዛ በአጠገቤ አልፋ ወጣች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ታዝቡኝ፣ ያ ክፍል ከዚህ ይሰፋል የሚል ነው። ሁለተኛው ግን አስደነገጠኝ። ዋስ እዚሁ ግቢ የሚኖር መሆን አለበት። ዋሴ ወጥታለች። ነገ ሻንጣዬን ይዤ በማላውቀው ከተማ መንገድ ላይ ልቆም ነው፤ ልለምናት ብል ደግሞ በየትኛው ፊቴ? ሆን ብላ ነው፣ ሠራችልኝ አልኩ። እሰይ፣ አሁን ገና ክፋቷ ወጣ፣ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ፤ እሷም እንደ እኔው ሰው ናት ማለት ነው።

አዴ ዘንድ ገባሁና ከመባረሬ በፊት ራሴ ጀመርኩት። «አዴ፣ ዋሴ ሄዳለች። ስንት ቀን ትሰጪኛለሽ?»

አዴ መነጽሯን አወለቀች። «ምን ቀን ነው የምሰጥሽ? የምስራች ከመውጣቷ በፊት እዚህ አንቺ የቆምሽበት ቆማ፣ የትም ልኑር የት፣ የሰብለወርቅ ዋስ እኔ ነኝ፣ ጥፋት ቢገኝባት እኔን ጥሪኝ ብላኛለች። አድራሻዋንም ትታለች። እኔም የግቢዬን ሕግ ለአንድ ሰው አላፈርስም ብዬ ነበር። በስምሽ እየለመነች አስፈረሰችኝ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ያለች ጓደኛ አለችሽና አልሃምዱሊላህ በይ» አለችኝ።

አመስግኜ ወጣሁ።

ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ የፈለግኩትን ሁሉ አግኝቻለሁ። ግን እሷ እኔን በሰው ፊት አስገድዳ፣ ከቤቴ አስወጥታኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አደርግላት ነበር? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አላደርግላትም ነበር። ዋስነቴን አንስቼ፣ አንድ ሁለት ክፉ ቃልም ጨምሬ እሄድ ነበር። ቀሚሷን ገዝቻለሁ፣ ፀጉሯን ተቆርጫለሁ፣ ግቢዋን ወስጃለሁ፤ ይህኛውን ግን ከየት አመጣዋለሁ? በዚህም በለጠችኝ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ጸጸት ነው ብላችሁ ብታስቡልኝ ደስ ባለኝ። ቅናት ነበር።