የይለፍ ቃሉ ግማሽ

ማህተም የጥገና ሱቁን ቀና ብላ አይታው አታውቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን የጫማዋ ማሰሪያ በሱቁ ደጃፍ ተፈታና ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ዐይኗ ከመስታወቱ ጀርባ በተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አረፈ። ነጭ የነበረው ቀለሙ ገርጥቷል። ጎኑ ላይ የተለጠፈችው የንብረት ቁጥር ወረቀት እኩሌታዋ ተልጧል፤ የቀረው ጽሑፍ የማህተም የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሰው የገዛ እጁን ጽሑፍ ደግሞ እንዴት ይስታል።

ማህተም ስሟ አይደለም። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ማህተም በመሳቢያዋ ይዛ ስለኖረች የወጣላት ቅጽል ነው፤ ጡረታ ስትወጣ ማህተሙን አስረከበች፣ ቅጽሉን የሚረከባት ግን አልተገኘም።

«መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ያገኘሁት ነው» አላት ጠጋኙ። «ይበራል፤ ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ለመለዋወጫ ላፈርሰው ነበር። ከፈለጉት ውስጡን ደምስሼ እንደ አዲስ ላስረክብዎ።»

«ሳትደመስስስ አይከፈትም?»

«ቃሉን የሚያውቅ ሰው ካለ ነዋ። እሱንም ቶሎ ያግኙት፤ ዲስኩ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ አላማረኝም።»

ማህተም ቆም ብላ አሰበች። ልጁ ከደመሰሰው አንድ የምታፍርበት ነገር አብሮ ይጠፋላታል። ግን ያ የዣንጥላ ተረትም አብሮ ይጠፋል። «እንዳለ ስጠኝ» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመዝገብ ክፍሉ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ እሷና ዝምታ። ዝምታም ቅጽል ነው፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረች ያን ቀን አውርታለች ይባል ነበር። ኃላፊያቸው ደግሞ መሳቢያውን ቆልፎ ሦስት ጊዜ ተመልሶ የሚጎትት፣ ጥላውን እንኳ የማያምን ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ሲገባ የይለፍ ቃሉን ለሁለት ከፈለውና ግማሹን ማህተም፣ ግማሹን ዝምታ እንዲያወጡ አዘዘ። አንዷ የሌላዋን ግማሽ እንዳታውቅ አስጠነቀቀ። ጠዋት ጠዋት ማህተም የራሷን ስትመታ ዝምታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ግድግዳው ላይ የፏፏቴ ሥዕል ያለበት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። የሚቀይረው ሰው ጠፍቶ አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ቆየ። ሁለቱም የፏፏቴውን ድንጋይ አንድ በአንድ ያውቁታል።

ኃላፊው እርስ በርስ ሊያጠባብቃቸው ያሰበው ነገር አንድ ያልጠበቀው ውጤት አመጣ። ሁለቱ ካልተገናኙ ማንም የማይከፍተው ሣጥን ሰጣቸው። እነሱም በምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርገው ተረት መጻፍ ጀመሩበት። አንድ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ረስቷት ስለሄደ ዣንጥላ ነው ተረቱ። ዣንጥላዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ ከገንዘብ ያዡ ወደ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ወደ ሾፌሩ አማት። ዛሬ አንዷ አንቀጽ ትጽፋለች፣ ነገ ሌላዋ ትቀጥላለች። ያች አፏን ከፍታ የማትናገር ዝምታ ስትጽፍ ሰው ታስቅ ነበር። ማህተም ሳቋን ለመዋጥ ስንት ቀን ምሳዋ ትን ብሏታል። በሕይወቷ ከዚያ የተሻለ ሰዓት እንዳልነበራት ያወቀችው ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ኃላፊው ማህተምን ለብቻዋ ጠራት። በሩቅ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ፤ አንቺ አንጋፋዋ ነሽና ማን ቢሄድ እንደሚሻል በጽሑፍ አቅርቢ አላት። ማህተም ፈራች። ፈራች እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ዝምታ ፋይል ልታደርስ ወደ ታች በወረደችበት ቅጽበት የዝምታን ስም ጻፈች፣ አተመች፣ ኮምፒውተሩን ዘጋች። ደብዳቤው እዚያው ከዣንጥላዋ ጎን ቢቀመጥም ዝምታ ብቻዋን አትከፍተውም፣ አብረን ስንሆን ደግሞ ከአጠገቧ አልጠፋም ብላ ተማመነች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የዝውውሩ ወረቀት መጣ። ዝምታ አንብባ አጠፈችው፤ ማን አስመረጠኝ ብላ አልጠየቀችም። በመሰናበቻዋ ቀን ማህተም ሆዴን አሞኛል ብላ ቀረች። 

ግማሹ ቃል ከዝምታ ጋር ስለሄደ ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። ለክፍሉ ሌላ ተገዛለት፣ ያኛው ዕቃ ግምጃ ቤት ተወረወረ። ማህተምም ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዝምታ ደብዳቤ አልጻፈችም። ዝምታ ጡረታ ወጥታ ወደዚህ ከተማ እንደተመለሰች የመሥሪያ ቤቱ የድሮ ሾፌር ከነገራት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሠፈሩንም፣ ሰማያዊውን በርም ታውቀዋለች። እግሯ ግን እምቢ ይላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊውን በር አንኳኳች። ዝምታ ከፈተች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች፤ ቀጥ ብሎ የሚያየው ዐይኗ ግን ያው ነው።

«ወፍረሻል» አለች ዝምታ።

«አንቺም አልከሳሽም።»

ማህተም ሌሊቱን ስታጠናው ያደረችው ንግግር ሁሉ በነነባት።

«ኮምፒውተራችን ተገኘ» አለች በመጨረሻ። «ያ ቃሉን ግማሽ ግማሽ የያዝንለት። እኔ ቤት ነው።»

ዝምታ ወደ ውስጥ ገባች። ማህተም በሩ ይዘጋብኛል ብላ ጠበቀች። ዝምታ ሹራቧን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንግታ ተመልሳ መጣች።

ኮምፒውተሩ የማህተምን የመመገቢያ ጠረጴዛ ሞልቶታል። ማህተም በልቧ የዶለተችው ነገር ነበራት። እንደተከፈተ ዝምታን «እስቲ ትንሽ ግድግዳውን እይልኝ» ትላታለች፤ ያችን ደብዳቤ ታጠፋለች፤ ከዚያ ዣንጥላዋን አብረው ያነባሉ። ማብሪያውን ተጫነች። ዲስኩ እያጓራ፣ እየተንቋቋ ተነሣ፤ መስታወቱ ላይ ያ ባዶ መስመር ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

ዝምታ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ምን ልይበት? ፏፏቴ እንኳ የለው» አለች።

«ግድግዳው ላይ ያለችውን ሚስማር እያት።»

ማህተም ግማሿን መታች። ዞረች። ዝምታ ቀስ ብላ የራሷን መታች። ስህተት ነው አለ። ደገሙት። አሁንም ስህተት። ማህተም የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች ከማህተሙ ቁጥር እንደወሰደቻቸው በደንብ ታስታውሳለች፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ የተቀጠረችበት ዓመት ናቸው። ሦስተኛውም ስህተት ሆነ። ዲስኩ የባሰ ተንቋቋ።

«የኔን ረስቼው ይሆን?» አለች ማህተም። «የራሴን እንዴት እረሳለሁ?»

«ማህተሙ ተሰብሮ አዲስ የመጣ ጊዜ ቀይረሽዋል» አለች ዝምታ ከግድግዳው ጋር እንደምታወራ ሁሉ። «ሰባት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ አንድ። ከዚያ ስምንት፣ ሁለት።»

ማህተም እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«በየጠዋቱ እያነበነብሽ ነበር የምትመቺው። ዐይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን መች አዞርኩት።»

«እና ሁልጊዜ ታውቂው ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«ብቻሽን መክፈት ትችዪ ነበር።»

«እችል ነበር።»

ማህተም ያን ጊዜ ገባት። ከደብዳቤው እስከ ዝውውሩ ሦስት ሳምንት ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ዝምታ በየምሳ ሰዓቱ መጥታ ተቀምጣለች፣ ተራዋን ጽፋለች፣ አስቃታለች። ማህተም እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

«ምቺው እንጂ» አለች ዝምታ። «ሊሞትብን ነው።»

መታችው። ዝምታም የራሷን ጨመረችና ተመልሳ ወደ ሚስማሯ ዞረች። ተከፈተ።

ሁለቱ ጽሑፎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል፤ ደብዳቤውና ዣንጥላዋ። ማህተም ደብዳቤውን አልነካችውም። ዣንጥላዋን ከፍታ እስከ መጨረሻው ወረደች። ከዚህ በፊት ያላየችው አንቀጽ ጠበቃት፤ ሆዴን አሞኛል ብላ በቀረችበት ቀን የተጻፈ ነው። አንዴ ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ዣንጥላዋ ዝናብ ወደማይዘንብበት ሩቅ ከተማ ተላከች። ማን እንዳስላካት ታውቃለች። መንገድ ላይ ለሚጠይቋት ሁሉ ግን ‹ረስተውኝ ነው› ትላለች። ወንበሯ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ብቻ ትሰጋለች። ተራው ያንቺ ነው።»

ከዚያ በታች ያ መስመር ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደጠበቃት ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል።

ዝምታ አልዞረችም። ማህተም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፤ መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች፤ ዐይኖቿን ግን መጥረግ አልቻለችም። ዝግ ብላ መጻፍ ጀመረች። «ያስላከቻት ሴት ፈሪ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ በመጣ ቁጥር...»

«ልዙር?» አለች ዝምታ።

«ቆይ» አለች ማህተም፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድሮዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትመታ። «ገና አልጨረስኩም።»

ዝምታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ማህተም ያነበነበችውን ሁሉ ሰማች።