አራት ዓመት ከስምንት ወር

ጸሐፊው በማረሚያ ቤቱ መዝገብ ቤት አስራ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም ፋይል ጠፍቶበት አያውቅም። እስረኞቹ «ማህተሙ» ይሉታል። ሳቁ እንኳ ካልተፈረመበት አይወጣም እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ይሰማል፣ ቅር አይለውም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ማንም አይክድም ነበር።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከበላይ ደብዳቤ መጣ። በሕጉ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች የተፈረደበት እስረኛ እንደማንኛውም ሰው ይመርጣል፤ አምስትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ግን አይመርጥም። ስም ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ጸሐፊው ሆነ።

ማታ እራት ላይ ይህንኑ ለሚስቱ ቢነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«የሰረቀና የደበደበ ደግሞ ማን ያስተዳድረን ብሎ ሊመርጥልን ነው?»

«ሕግ ነው።»

«ሕግ መሆኑን መቼ ጠየቅኩህ? አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን እላለሁ፣ ስም ነው የምጽፈው» አላት።

ዝርዝሩ ሐሙስ ዕለት ተፈርሞ ታሸገ። ምርጫው እሁድ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ፋይሎቹን ወደ መደርደሪያው ሲመልስ የአንዱ ክር ተፈታና ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የግንበኛው ፋይል ነበር፤ በወሰን ጠብ ጎረቤቱን በመዶሻ እጀታ መትቶ ዓይኑን ያጠፋው ሽማግሌ። ጸሐፊው ወረቀቶቹን እየለቀመ ሳለ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ ዓይኑ አረፈ። «አራት ዓመት ከስምንት ወር» ይላል። ከላይ የተያያዘው የእስረኛው ካርድ ግን «ስምንት ዓመት ከአራት ወር» ነው የሚለው። የካርዱ ጽሕፈት የራሱ ነው።

ሁለቴ አነበበው። የታሸገውን ዝርዝር ለማስከፈት ለኃላፊው ደብዳቤ መጻፍ፣ አስመራጮቹን መጥራት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም «ስህተቱ የማን ነው?» የሚለው ነው። በሩ ላይ ማንም አለመኖሩን አየ። አንድ ድምፅ ምን ያመጣል ብሎ ክሩን ቋጠረና ፋይሉን ቦታው መለሰው።

እሁድ ጠዋት የምግብ አዳራሹ አግዳሚዎች ወጥተው ጠረጴዛና ኮሮጆ ገባ። ግንበኛው ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ነበር። ፀጉሩን በውሃ አርሶ አስተኝቷል፤ ሸሚዙን ፍራሹ ሥር አድርጎ ተኝቶበት ስለነበር የተተኮሰ ይመስላል። ተራው ሲደርስ ስሙን ተናገረ።

«የለም» አለ ጸሐፊው።

«እንደገና እይልኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ጸሐፊው እንደሌለ እያወቀ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አወረደ። «ጋሼ፣ የተፈረደብዎት ከአምስት ዓመት በላይ ነው። ሕጉ አይፈቅድም።»

«ኧረ አራት ከስምንት ነው! ዳኛው ሲያነብ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«መዝገቡ እንደዚያ አይልም።»

ግንበኛው አልጮኸም። ሁለት ሰፋፊ እጆቹን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። «የሰው ዓይን አጥፍቻለሁ፤ አልካድኩም፣ እየታሰርኩበት ነው። ውጭ ሳለሁ ለምርጫ ግድም አልነበረኝ። ሰው ሲሰለፍ እኔ ግድግዳዬን አቆም ነበር። እዚህ ገብቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ምን እንደምበላ፣ ልጄን ስንት ደቂቃ እንደማያት ሌላ ሰው ነው የሚወስንልኝ። ዛሬ አንዲት ነገር እኔ ልወስን ነበር። ዳኛው ታሰር አለኝ እንጂ ድምፅህ ይወሰድ አላለኝም።»

«በቃ አባት፣ ሰው አያቁሙ» አለ ጥበቃ ላይ የነበረው አስር አለቃ፣ ክርኑን ይዞ ቀስ ብሎ እየሳበው።

ግንበኛው ከሰልፉ ወጣ፤ ከአዳራሹ ግን አልወጣም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ጸሐፊው ቀና ባለ ቁጥር ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። የሽማግሌው ዓይን ቁጣ የለበትም። ተሳስተው ነው፣ አሁን ይጠሩኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነው። ኮሮጆው እስኪታሸግ እንደዚያው ቆየ።

ጸሐፊው ግርግሩ ሲያልፍ ካርዱን ድምፅ ሳያሰማ ላርመው ብሎ አስቦ ነበር። ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ ሄደ። በአራተኛው ወር ግንበኛው ደረቱን ታመመና ሳምንት ሳይሞላው በማረሚያ ቤቱ የህክምና ክፍል ሞተ። ፋይሉን ሊዘጋ የተቀመጠው ጸሐፊው ያን ጊዜ ነው ሌላውን ያየው። ጠባዩ የተመሰገነ እስረኛ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ይፈታል። ግንበኛው በትክክለኛው ፍርዱ ቢቆጠርለት ኖሮ ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቆጠራ ላይ እንደ ወትሮው ስም ጠራ። የመጨረሻው እስረኛ «አቤት» ብሎ ካበቃ በኋላ፣ ከረድፉ ጫፍ አንድ ተጨማሪ «አቤት» መጣ። ሰንጠቅ ያለ፣ የሽማግሌ ድምፅ።

«ማነው?» አለ ጸሐፊው።

እስረኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አስር አለቃው ቆጠራቸው፤ ልክ ነው፣ የተረፈም የጎደለም የለም። «ምን ሰምተህ ነው?» ቢለው «ምንም» አለው። በነጋታውም መጣ። በሦስተኛው ቀን ስሞቹን በጥድፊያ ጠርቶ ፊቱን አዞረ፤ ድምፁ ከጀርባው ተከተለው። እያደር ቤቱም ገባ። ሚስቱ ከጓዳ ልጃቸውን ስትጠራ፣ ልጅቷ ሳትመልስ በፊት የሚመልስ ሌላ ሰው አለ። ጸሐፊው ምግብ እምቢ አለው፤ ሰው በስሙ በጠራው ቁጥር ይደነግጣል።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ በሩን ዘግታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ፊትህ አመድ መስሏል። ተናገር።»

ሁሉንም ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«የምርጫውስ ይቅር» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ወር የሰው ዕድሜ!» ከዚያ ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ እሱም አይቅር። ያን ቀን ለድምፁ ብለህ አፍህን ብትከፍት ኖሮ ሁለቱም አይቀሩም ነበር።»

የግንበኛው ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ጸሐፊው ሰኞ ጠዋት ሱቋ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሆነ ነገራት። አወቀችው፤ የመጠየቂያ ፈቃድ የሚፈርምላት እሱ ነበር። እንደቆመ ሁሉንም ተናግሮ ጨረሰ። እሷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ክሩን በመቀስ ቆረጠች።

«አባቴ በመጣሁ ቁጥር አራት ከስምንት ነው ይለኝ ነበር» አለች። «ሸምግሏል፣ ተምታቶበታል አልኩ። አንድ ቀንማ ‹አባዬ፣ በቃ አትልፋ፣ ወረቀቱ ስምንት ነው የሚለው› ብዬ ተቆጣሁት። አባቴን ትቼ የእናንተን ወረቀት አመንኩ።»

«ይቅርታሽን ፈልጌ…»

«ይቅርታ እኔ ዘንድ የለም። ለራሴም አላገኘሁ።» ከመሳቢያዋ ወረቀት አወጣች። «አሁን ያልከኝን ጻፈው፤ ፈርምበት።»

ጨርቅ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ ጻፈው። ፈረመበትም። እሷ ወረቀቱን ይዛ በዚያው ዕለት ፍርድ ቤት ሄደች።

ማጣራት ተጀመረ። ካርዶቹ ሁሉ ከፍርዳቸው ጋር አንድ በአንድ ሲመሳከሩ ሌሎች ዘጠኝ የተሳሳቱ ተገኙ፤ ሦስቱ እስረኞች በዚያው ሳምንት ተፈቱ። ጸሐፊው ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ፣ ከደረጃው ዝቅ ብሎ ንብረት ክፍል ተመደበ። ብርድ ልብስና ሳሙና ያድላል። ከዚያ ወዲህ የመራጮች ዝርዝር ከመታሸጉ አስር ቀን ቀድሞ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስሙን ያጣ እስረኛ ፍርዱን ይዞ ይከራከራል። ድምፁ ግን ጨርሶ አልተወውም። ሳምንታት ይጠፋና፣ ብርድ ልብስ ሲቆጥር ድንገት ይመጣል።

በሚቀጥለው ምርጫ ጸሐፊው ከሚስቱ ጋር በሰፈራቸው ተሰለፈ። ወጣቷ አስመራጭ ስሙን ወዲያው አገኘችው፤ አስፈርማ ወረቀቱን ሰጠችው። ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ቆየ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

«ጋሼ፣ ተቸገሩ እንዴ?» አለች አስመራጯ።

«መጣሁ» አለ። ምልክት አድርጎ፣ አጥፎ ኮሮጆው ውስጥ ከተተና ወጣ።

ሚስቱ ውጭ ዛፉ ሥር ትጠብቀው ነበር። «ምነው እንዲህ ቆየህ? ማንን እንደምትመርጥ ከትናንት ጀምሮ አውቀህ የለ?»

«የራሴንማ አውቃለሁ» አላት። «ሽማግሌው ማንን ሊመርጥ እንደነበር ግን አላውቅም። አልጠየቅኩትም።»

ሚስቱ ክንዱን ያዘችው፤ አብረው ቁልቁል ወረዱ።