ባትሪውና መንጋጋዬ

እና ደግሞ ሙቀት እንኳን የለውም፣ ቢያንስ ቢያቃጥለኝ እሺ፣ የተቃጠለ ሰው ተቃጠልኩ ብሎ ይጮሃል፣ ይሄ ግን ምንም ነው፣ ሲስተሯ ጆሮዬ ፊት ለፊት እስክሪብቶ የመሰለ ነገር ደገን ታደርግና አንድ ደቂቃ፣ ቲት፣ ወደ ጉንጬ ታወርደዋለች፣ ሌላ ደቂቃ፣ ቲት፣ ለዚህ ነው እንግዲህ ስራዬን ትቼ የምመላለሰው፣ ሌዘር ነው ይሉታል፣ እኔ ባትሪ ነው የምለው፣ ቀይ ባትሪ፣ ሴትየዋንም ባለባትሪዋ ብያታለሁ፣ ፊት ለፊቷ ነው ያልኳት፣ ሳቀች፣ ጋሼ እርስዎ ስም ማውጣት ይችሉበታል አለች፣ እችልበታለሁ፣ እኔ ስም ያላወጣሁለት ሰው ካለ ገና አልተወለደም።

ከታዘዘልኝ አስራ ሁለት ቀን ዘጠነኛው። ዘጠኝ ቀን ባትሪ ሲበራብኝ። ሌባ እንኳን እንዲህ አይበራበትም።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በቃሌ ይዤዋለሁ፣ አነስተኛ ኃይል ያለው የብርሃን ሕክምና የመንጋጋ መጋጠሚያ ብግነትን ይቀንሳል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፣ ይላል፣ ብግነት፣ ብግነት ማየት የፈለገ እኔን ይክፈተኝ፣ ያልበገነ ምን አለኝ፣ አሁን ግን ወረቀቱም አይታየኝም፣ ጥቁር አረንጓዴ መነጽር አድርጋልኛለች፣ አይንዎንም ይጨፍኑ ትላለች፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማድረግ አለበት፣ ስለዚህ ጥግ ላይ ያለችው የወንድሜ ልጅም አድርጋለች፣ ሁለታችንም የብየዳ ሰራተኛ መስለናል፣ የሚበየደው የኔ መንጋጋ ነው።

ትንኝ። የወንድሜ ልጅ ስሟ ትንኝ ነው፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ከትንሽነቷ ጀምራ ከጆሮዬ ስር አትጠፋም፣ ጋሼ ይሄ ምንድነው፣ ጋሼ ያ ለምንድነው፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆና ሱቁን እሷ ናት የምታዘው፣ ሰው እሷን ነው የሚጠይቀው፣ ለሷ ነው የሚደውለው፣ ይሁን፣ ይሄ አላናደደኝም፣ እሺ ትንሽ አናዶኛል፣ ያንጨረጨረኝ ግን ያለፈው ሳምንት ነው፣ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔ አፌን ከፍቼ በዚያች በላስቲክ ማስመሪያ ስለካ፣ መልስ መስጠት በማልችልበት ሰአት፣ አይ ሲስተር፣ እሱ እኮ ሚስማሩን አልተወም አለች፣ ልክ እንዲህ፣ እንደ ቀልድ፣ ያሳደግኩትን ልጅ አስር አመት ሙሉ ምን አስተማርኳት፣ የቤት ጉድ ውጪ አይወጣም አላልኩም።

ቲት።

ደህና ነዎት ጋሼ ትላለች ባለባትሪዋ፣ እምም እላለሁ፣ ምን ልበላት።

ሚስማር፣ ሚስማር፣ አለም ሁሉ በኔ ሚስማር ላይ ተነሳ፣ እኔ ሶፋ ሰሪ ነኝ፣ ሰላሳ አንድ አመት፣ ባለ ሶስት እጅ ነበር የምባለው፣ ለምን መሰለሽ፣ ማንን ነው መሰለሽ የምለው ደግሞ፣ ለራሴ ነው የማወራው፣ ግራ እጄ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፣ ቀኝ እጄ መዶሻ ነው፣ ሚስማሩን ማን ያቀብል፣ አፌ፣ እፍኝ ሙሉ ትንንሽ ሚስማር ጉንጬ ውስጥ ነው፣ በምላሴ አዞራታለሁ፣ ጭንቅላቷን ወደ ውጪ አድርጋ በጥርሴ መሃል ብቅ ትላለች፣ የመዶሻው ጫፍ ማግኔት ስለሆነ ከከንፈሬ ለቀም፣ አንድ ምት፣ ገባች፣ ቀጥሎ፣ ለቀም፣ ምት፣ ሳላይ ነው የምሰራው፣ ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር፣ ሰው መንገዱን ትቶ ያየኝ ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ መጣ፣ ጥርስዎን ነክሰው ስለሚውሉ ነው አለ፣ የመንጋጋዎ ማጠፊያ ተቆጣች አለ፣ እሷ ትቆጣና እኔ አልቆጣም፣ ከዚያ ትንኝ ያቺን በንፋስ ስቴፕል የምትተኩሰውን ሽጉጥ አመጣች፣ ጠ ጠ ጠ ጠ፣ አንድ ወንበር ሳልጀምር እሷ ትጨርሳለች፣ ሚስማር የለ፣ አፍ የለ፣ እንደ ወረቀት ነው የምትሰፋው፣ ወረቀት።

ቲት። ወደ ቀኝ ጎን ልዙር ትላለች፣ ወንበሯ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ ዙሪ፣ ዙሪና አብሪ።

እውነቱን ልናገር፣ ለራሴ ነው፣ ማን ይሰማኛል፣ ባትሪው ይሰራል። ይሰራል፣ እሱ ነው ያበገነኝ፣ መጀመሪያ ቀን ስለካ ሃያ አራት ሚሊ ነበር የተከፈትኩት፣ ማንኪያ እንደ ደብዳቤ በጎን ነበር የማስገባው፣ በአምስተኛው ቀን ሰላሳ አንድ፣ በሰባተኛው ሰላሳ ሶስት፣ አፌ ቋ ማለቱን ተወ፣ ሙሉ ሳቅ ሳቅኩ፣ ትንኝ አጨበጨበች፣ እና እቤት ሳንደርስ፣ መኪና ውስጥ፣ በጣም ደስ ብሏት፣ በቃ ጋሼ ሚስማሩን ጣለው፣ አንተ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለህ እየን አለች።

ቁጭ ብለህ እየን።

እኔ ሶፋ ሰርቼ እንጂ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ፣ ጉንጬን ሞላሁ፣ ነከስኩ፣ ስራ ስለነበረ አይደለም፣ ባትሪው እንዲሸነፍ ነው፣ ባለፈው ስለካ ሃያ ዘጠኝ፣ ባለባትሪዋ ማስመሪያውን ሁለቴ አየችው፣ ልቤ ውስጥ ደስ አለኝ፣ በራሱ መንጋጋ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ ነኝ፣ ህመሙ ወደ ጆሮዬ ወጣ፣ ወደ ግንባሬ ወጣ፣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ግን ሃያ ዘጠኝ፣ ረታሁ።

ዛሬ ጠዋትም ስምንት ጎረስኩ፣ ስምንት ብቻ፣ የትንሿን ወንበር ጠርዝ ልዘጋ፣ ትንኝ በር ላይ ቆማ ረፈደ ረፈደ ትላለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራት መታሁ፣ በዚህ ጎን ሁለት፣ ስድስት፣ ማእዘኗ ላይ አንድ፣ ሰባት፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብታ ጥሩምባውን ነፋችው፣ መዶሻዬን ወርውሬ ወጣሁ፣ ተናድጄ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ ሰባት፣ ቆይ።

ሰባት ነው የመታሁት።

የጎረስኩት ስምንት።

ምላሴን ወደ ላይኛው ድድ፣ ቀስ፣ ወደ ኋላ፣ አለች። ጉንጬና ድዴ መሃል ተጋድማ ተኝታለች፣ እንደ ቤቷ፣ ሰላሳ አንድ አመት እኔ አፍ ውስጥ የኖረ ዘር ምን እንግዳ ያደርገዋል፣ አፌ እኮ አያውቃትም ብረት መሆኗን፣ ጥርስ ናት ለሱ፣ እና እኔ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ፣ መነጽር አድርጌያለሁ፣ አፍንጫዬ ላይ ሰው ጎንበስ ብላለች፣ ወይ ጉዴ፣ ልትፋት ብል ትንኝ አለች፣ ያቺ አሳባቂ ዛሬማ በዓይኗ ልታይ፣ አላልኳችሁም ልትል፣ ሞቼ ነው፣ እይዛታለሁ፣ ስወጣ በመሃረቤ።

ምራቅዎን ይዋጡ ጋሼ፣ ትላለች ባለባትሪዋ፣ ረጋ ብላ፣ ጡንቻዎ በጣም ተወጥሯል።

ዋጡ ትላለች እንዴ። የምውጠውን መች አወቀችው። አልውጥም፣ ምራቄ ይሞላል፣ ጉሮሮዬ ይበላኛል፣ ትንሽ ቢያስለኝ ሚስማሯ ወደየት እንደምትሄድ አላውቅም፣ አንድ የማውቀው ሰውዬ፣ እሱም እንደኔ ጎራሽ ነበር፣ በሳቅ መሃል አንዷ ወደ ሳንባው ወረደችበት፣ በሳቅ መሃል፣ እኔ እኮ ስጎርስ አልስቅም፣ አላወራም፣ እምም ነው የምለው፣ ለሁሉም ነገር እምም፣ ቲት ይላል፣ ልቤ ይሁን መሳሪያው አላውቅም፣ እስኪ አፍዎን ይክፈቱ ልለካ ትላለች፣ ማስመሪያዋን ከመሳቢያ ስታወጣ ይሰማኛል፣ መነጽሬን ታወልቅልኛለች፣ መብራቱ አይኔን ይወጋኛል፣ ትንኝም አውልቃ ቀረብ ብላለች፣ ሁለት ፊት፣ ከላይ፣ በል እንግዲህ ጀግና፣ እላለሁ ለራሴ።

እነሳለሁ። እጄን ከአፌ ስር እዘረጋለሁ። ትፍ።

መዳፌ ላይ ናት፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ።

ባለባትሪዋ በሁለት ጣት አንስታ ብረት ሳህን ላይ ታስቀምጣታለች፣ ቅጭል፣ ትንኝ ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ስቃ ቢሆን ስድቡን አዘጋጅቻለሁ፣ አልሳቀችም፣ ፊቷ ነጣ፣ ብትውጣትስ አለች ለራሷ። እሱ የባሰ አናደደኝ።

ይክፈቱ፣ ትላለች ባለባትሪዋ፣ እከፍታለሁ፣ ማስመሪያው ጥርሴን ይነካል፣ ሃያ ስድስት፣ ታየዋለች፣ አትጽፈውም፣ ማስመሪያውን ታስቀምጣለች፣ እንዲህ ከሆነ ወደ ቀዶ ሐኪም ነው የምጽፍልዎት ትላለች፣ ያ ደግሞ ስድስት ሳምንት ዝምታ አለው፣ ፈሳሽ ብቻ፣ ንግግር የለ፣ ሳቅ የለ፣ ከዚያ ወንበሯን ወደኔ ትስባለች፣ ድምጿ ተለወጠ፣ የሕክምና አይደለም፣ የሰው ነው።

ጋሼ፣ መዳን ይፈልጋሉ ወይ።

ምን አይነት ጥያቄ ነው ይሄ፣ ደሜ አናቴ ላይ ይወጣል፣ እንትን ልላት ነው፣ እንዲህ ብዬ፣ አንቺ ማነሽና፣ አፌ ሲከፈት የወጣው ግን ሌላ ነው፣

ከዳንኩ ምን ልስራ።

እንዲህ አልኩ። እኔ። ወልጋዳ ድምጽ ነው የወጣው፣ ሚስማር የሌለበት አፍ እንዲህ ነው ለካ የሚያወራው።

ትንኝ መነጽሯን በእጇ ታዞራለች፣ ታዞራለች፣ እና ትናደዳለች፣ አየኋት፣ የኔን ንዴት ነው የተናደደችው፣ አገጯ ወደፊት ወጣ፣ የአባቷ ቤት አገጭ።

ማእዘኑን፣ ትላለች፣ የወንበሩን ክንድ ማእዘን፣ ጨርቁ ሳይጨማደድ እንዴት እንደምታጥፈው ስንት አመት ጠየቅኩህ ጋሼ፣ በሽጉጡ አይወጣልኝም፣ ሶስቴ ነው የምፈታው፣ ባለፈው ወር ሁለት ወንበር መልሰውብኛል፣ ደብቄህ ነው፣ በጠየቅኩህ ቁጥር እምም ትለኛለህ፣ አፍህ ሚስማር ሙሉ ነው፣ ቁጭ በል ያልኩህ ለምን ይመስልሃል፣ እንድታወራ ነው።

ስድቡ አለ፣ የተዘጋጀው፣ አይመጣም።

ሁለት ወንበር መለሱባት፣ በኔ ሱቅ፣ ደበቀችኝ፣ ማን ናቸው የመለሱት፣ ማእዘን ሳታውቂ እንዴት ጨርቅ ትቆርጫለሽ፣ አንቺ ትንኝ፣ እምም አልኩ እንዴ፣ ሰላሳ አንድ አመት፣ ለሰው ሁሉ ቀልድ ያደልኩ እኔ፣ ለሷ እምም፣ እኔን ያስተማረኝ ሰውዬም እምም ነበር የሚለኝ፣ በክርን ጎሸም አድርጎ፣ በአይን ነው የሰረቅኩት፣ እሷም ትስረቅ ብዬ፣ አይደለም፣ እንዲያም አላልኩም፣ ምንም አላልኩም።

ቀሪዋን አንድ ደቂቃ እንጨርስ ትላለች ባለባትሪዋ፣ መነጽሩን ትመልስልኛለች፣ ጨለመ፣ አረንጓዴ፣ አሁን አያውሩ፣ ምላስዎን ከላይ ጥርስዎ ጀርባ ያሳርፉ፣ ጥርስ ከጥርስ አይንካ፣ ትላለች፣ አሁን ነው አያውሩ የምትለው፣ አሁን፣ ሲያስፈልግ፣ እሺ፣ አላወራም፣ አንድ ደቂቃ ነው፣ ጥርሴን አላቅቃለሁ፣ መንጋጋዬ የት እንደሚቀመጥ ግራ ይገባዋል፣ በልቤ ግን ጀምሬያለሁ፣ ስሚ እንግዲህ፣ አንቺ ደረቅ፣ ከማእዘኑ ማን ጀምሪ አለሽ፣ ከመሃል ነው የምትስቢው፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ዳር ስትደርሺ ሶስት ጣት የሚያህል ሳትመቺ ትተይዋለሽ፣ ስፖንጁን በአውራ ጣትሽ ወደ ውስጥ ገፋ፣ የተረፈውን ጨርቅ ከስር፣ ከስር ነው ያልኩሽ፣ ከላይ ካጠፍሽውማ ጆሮ ይመስላል፣ እንደ ፖስታ አጥፈሽ፣ እጥፉ ወደ ኋላ ይዙር እንጂ ወደ እንግዳው አይዙር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ምቺ፣ ከዚያ እጅሽን አንሺና ጨርቁ ራሱ ወደየት መሄድ እንደሚፈልግ እዪ። ቲት።