አሥር ጊዜ በደረጃው

«ሳትሰናበቺኝ ልትሄጂ ነበር?» አለች እናቴ። የክፍሌ በር ላይ ቆማ አልጋዬ አጠገብ ያለውን ሻንጣ በአገጯ ታመለክታለች።

«የደንበኛ ሻንጣ እኮ ነው እማዬ። እየፈተንኩት ነው።»

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በሕንፃችን ምድር ቤት ባለው ሱቁ ሻንጣ ይጠግናል። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ጀምሮ፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ አብሬው እሠራለሁ። የማይሻር ሕግ አለው፤ የተጠገነ ሻንጣ እስኪወጠር ተሞልቶ አሥር ጊዜ ደረጃ ካልወጣና ካልወረደ ለባለቤቱ አይመለስም። «መፈንዳቱ ካልቀረ እዚሁ ይፈንዳ» ይላል። ብዙ ጊዜ የምንሞላው በአሮጌ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ግን ይከብዳል እንጂ ዚፕ አይገፋም። ስለዚህ ይህን በልብሴ ሞላሁት።

«ልቤን ቀጥ አደረግሽው እኮ!» አለችና አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ፣ ያጣጠፍኩትን ልታይ ይመስለኛል፣ ዚፑን ከፈተችው። ሹራቦቼ ከታች፣ ሸሚዞቼ ከላይ። ጥጉ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ የጥርስ ብሩሽ። ከሥሩ የዲግሪዬ ቅጂ።

«ለሙከራ የጥርስ ብሩሽ ምን ያደርጋል?»

«ክብደት እንዲጨምር...»

«የጥርስ ብሩሽ?»

እኔም በራሴ አፈርኩ። ነገርኳት። በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ቤተ መጻሕፍት የቅጥር ፈተናውን አልፈሻል ብሎ ጽፎልኛል። መልሴን እስከ ዓርብ ይፈልጋል። ደብዳቤው ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

«እዚህ ምን ጎደለሽ?»

ምንም አልጎደለኝም። መልሱ የከበደኝም ለዚህ ነው። የሻንጣ ጎማ ሳጸዳ ከውስጡ ቀይ አሸዋ ይወጣል። አንዴ ከአንዱ ኪስ በማላውቀው ፊደል የተጻፈ የአውቶቡስ ትኬት አግኝቼ፣ አጎቴ እስኪጠራኝ ድረስ ሳገላብጠው ቆየሁ። የሻንጣዎቹ ባለቤቶች የት ወርደው ይሆን? ማንስ ተቀበላቸው? ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለማወቅ የምጓጓው ስለ ራሴ ነበር። በሕንፃችን ስሜ «ዝምተኛዋ» ነው። አጠገቧ ቆሜ እንኳ እናቴን «ዝምተኛዋ እንዴት ናት?» ብለው ይጠይቋታል።

«እዚያም ዝምተኛ እሆን እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው» አልኳት።

«ብትሆኚስ?»

«እንግዲያው አወቅኩት ማለት ነዋ።»

እናቴ የብሩሹን ላስቲክ አስተካክላ ወደ ቦታው መለሰችው። ዚፑን ዘጋች። ከዚያ ተነሥታ የሻንጣውን እጀታ ያዘች።

«ስንት ጊዜ ነው የሚወጣ የሚወርደው?»

«አሥር። ስጪኝ እኔ...»

«ዞር በይ!»

ሻንጣውን እየጎተተች ወደ ደረጃው ወጣች። ሦስተኛው ዙር ላይ አጎቴ ከሱቁ ብቅ ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁ። «ምነው፣ ባልሽን ጥለሽ ልትጠፊ ነው እንዴ?»

«ወንድም ጋሼ፣ ቁጥሩን አታጥፋብኝ!»

ሰባተኛው ላይ ጎማው ከደረጃው ጠርዝ ጋር ሲላተም ሕንፃው በሙሉ ሰማ። አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ ዘጋች። እኔ ክፍሌ ውስጥ ቆሜ አብሬ እቆጥር ነበር። ዚፑ ቢፈነዳ እንደማልሄድ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ለራሴ ወስኜ ነበር።

አሥረኛው ላይ ላብ በላብ ሆና ገባችና ሻንጣውን ፊቴ አቆመችው። ዚፑን በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው። አንድም ጥርስ አልለቀቀም።

«ይሄ የሰው ነው» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ላንቺ አጎትሽ ሌላ ይሥራልሽ። ጎማው ግን እንደዚህ አይጩህ።»

በማግስቱ ሻንጣውን ባዶ አድርጌ ለባለቤቱ መለስኩ። ሐሙስ ጠዋት ለቤተ መጻሕፍቱ «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ።