የድንጋይዋ ሴት እጅጌ

ሰው የወደደውን በገዛ እጁ ሲያጠፋ አያድርስ ነው! ይቺ የጥንት ልብስ አጥኚ ጉልምስናዋን የጨረሰችው ለአንዲት ድንጋይ ስትመላለስ ነው። በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጥግ፣ መቃብሯ ላይ የተጋደመች የነጋዴ ሚስት ሐውልት አለች። በዙሪያዋ ያሉት የጌቶች ሐውልቶች የብረት ጥሩርና ካባ ለብሰዋል፤ ያንን አለባበስ ማንም ያውቀዋል። የዚህች ግን የተራ ሰው ቀሚስ ነው። የዚያን ዘመን ጨርቅ ብል በልቶ ጨርሶታል፤ እንግዲህ ያንን ቀሚስ የምታሳይ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

የቀሚሱ ቀለም ድንጋዩ ደረቅ ሳለ አይታይም። በእርጥብ ስፖንጅ ሲዳበስ ግን ቀዩም አረንጓዴውም፣ የጥልፉ ሐረግ ሳይቀር ብቅ ይላል፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ፎቶ አንሺ ብታመጣም ብርሃኑ ውሃው ላይ እያንጸባረቀ አስቸገረው። ስለዚህ እያረጠበች በእጇ ትስላለች። መምህሯም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲሁ ነበር ያስተማሯት። ከቀሚሱ ጫፍ ጀምራ ወደ ላይ ወጣች፤ እጅጌውን፣ ያንን የሚያምረውን፣ ለመጨረሻ አቆየችው። አይ ሞኝነት!

ቤት ደግሞ ልብስ ሰፊ የሆነች ታላቅ እህቷ ሥዕሉን እያየች ያንኑ ቀሚስ ለሙዚየም ትሰፋለች።

ዛሬ ጠዋት ስፖንጁን እጅጌው ላይ አሳረፈችው። ስታነሳው የድንጋዩ ገጽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አብሮ ተነሣ። ደንግጣ ወደ ሌላኛው ክንድ ዞረች፤ ገና በጣቷ ስትነካው ረገፈ። ለካስ ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው እያወጣ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ኖሯል። ያጠጣችው ማን ሆነና! ዱቄቱን በመዳፏ ሰብስባ መልሳ ልትለጥፈው ሞከረች። ሌላ ሰው እንዲያ ሲያደርግ ብታይ አበደ ትል ነበር።

ቤት ስትደርስ፣ «መጣሽ? እጅጌው ብቻ ነው የቀረኝ» አለች እህቷ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «ሥዕሉን አምጪው እስቲ።»

«የለም እቴቴ። እኔው አጠፋሁት።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ እየነገረቻት አለቀሰች።

«ውይ የኔ እናት! በቃ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እጅጌ መስፋት ያቅተኛል እንዴ? ከልቤ ፈጥሬ እሰፋዋለሁ። ደግሞስ ማን ያውቃል?»

«እኮ! ማን ያውቃል?» አለች ታናሽየዋ። «ተሳስታችኋል ብሎ የሚሞግተን አንድ ሰው ቢኖር እኮ አላለቅስም ነበር።»

እህቷ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መቀሷን አነሳች፤ ከየት እንደምትጀምር ግን አላወቀችም።