ከለቅሶ ቀጥታ ቤት አይገባም

«ተዪው! አንቺ ልጅ፣ እንዳትነኪው አልኩሽ!»

ቲያ ኒናይ፣ የቤቱ አክስት፣ ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ጭናቸው ላይ የነበረው ለውዝ ወለሉ ላይ ተበተነ። የለውዝ ቅርፊት ልትሰበስብ ያጎነበሰችው የጎረቤት ሙሽራ ደንግጣ ቀጥ አለች። ለቅሶው ስድስተኛ ቀኑን ይዟል። ስድስት ቀን ሙሉ የለውዙ ቅርፊት፣ የብስኩቱ ፍርፋሪ፣ የካርታ ተጫዋቾቹ የሲጋራ ቁራጭ እዚያው የወደቀበት ነው። ሬሳ ቤት ውስጥ እያለ ወለል አይጠረግማ። የጠረገ ሰው ሌላ የቤተሰብ ሰው አብሮ ጠርጎ ያስወጣል።

«በእጄ ነው እኮ ቲያ» አለች ሙሽራዋ። «መጥረጊያማ የት አለ? ቤቱን ባስሰው ባስሰው አጣሁ።»

«የደበቀው ሰው ይባረክ! ቀጥሎ እኔን ልትጠርጉኝ ነው? ገና ሰባ አንድ ዓመቴ ነው!»

ካርታ የሚጫወቱት ባለሞተሮች በሳቅ ፈነዱ። ከአባቷ ሬሳ ሳጥን ጎን የተቀመጠችው ኔልፋም ሳታስበው ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ መሳቋ አሳፈራት። አባቷ ቢሰማ ግን ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

አባቷን የተራራው ሰው ሁሉ ኖንግ ፒስቶ ይለዋል፣ ወንድም ጋሼ ፒስቶ እንደማለት። ሠላሳ ዓመት በሞተር ሰው አመላልሷል። አሳማ ጭኗል፣ ሙሽራ ጭኗል፣ አንድ ጊዜ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ጀርባው ላይ አስሮ ከሴቡ ደሴት ተራራ ጫፍ እስከ ባሕሩ ዳር አውርዷል። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ገመድ አልጋው ላይ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ። ልብ ነው ተባለ። መርከበኛው ወንድ ልጁ ዛሬ ማታ ይደርሳል፣ ነገ ቀብር ነው።

ኔልፋን ሞተር ያስተማራት እሱ ነው። በሞተር ተራው ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፣ በአሥራ አራት ዓመት ሥራ ከአንድ ዶሮ በቀር የገጨችው የለም። ከስምንት ወር በፊት ግን የቀርከሃው ኩርባ ላይ፣ ዝናብ ያወረደው ጠጠር የፊት ጎማዋን ከሥሯ ወሰደባት። የእሷ ትከሻ ተሰበረ፣ ከኋላዋ የነበረችው የሰፈሩ አስተማሪ ቲቸር ኤዲታ ደግሞ እግሯ።

ትከሻው በሦስት ወር ዳነ። ከዚያ ወዲህ ግን ሞተሯ ላይ ስትቀመጥ መዳፏ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ትወርዳለች። ብቻዬን ብወድቅ ምናለ፣ ከኋላዬ ግን ሰው አለ፣ ትላለች። አባቷ «ሞተሩ ላይ ውጪ» አላላትም፣ «ተዪው» አላላትም። ያደረገው ነገር ቢኖር በየማለዳው የራሱን ሞተር ትቶ የእሷን ቀይ ሞተር አስነስቶ መሄድ ነው። ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። የራሱን እየቆጠበ የእኔን ይጨርሳል ብላ ተቀየመችው። አንድ ቀን ጠዋትም በሩ ላይ ቆማ፣ «ንዳው እንግዲህ፣ ባለቤቱ እንደሆነ ሞቷል» አለችው፣ ራሷን ማለቷ ነው። አባቷ የመቀመጫውን አቧራ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና «ነዳጅ ሞልቼዋለሁ» ብሎ ገባ።

ያቺ «ሞቷል» ያለቻት ቃል ስድስት ቀን ሙሉ አላስተኛቻትም።

እንዲህ ሆና ሳለ ቲቸር ኤዲታ ገባች። ኔልፋ ሸሽታ መጋረጃው ኋላ ልትገባ ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ መንገድ ስትቀይርባት ኖራለች። ቲቸር በትንሹ እያነከሰች ሳጥኑ ዘንድ ቀርባ ጸለየች፣ ከፓኬት የተበጠበጠ ቡና ጠጣች፣ ከቲያ ኒናይ ጋር ስለ ጎመን ዋጋ አወራች። ከዚያ ተነሣች።

«በሉ ልሂድ። ከለቅሶ ቀጥታ ቤት አይገባም፣ መጀመሪያ ናንግ ኮራ ሱቅ ዳቦ እበላለሁ።»

ይህን የማያውቅ የለም። ከለቅሶ የወጣ ሰው ሟቹ ተከትሎት ቤቱ እንዳይገባ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አረፍ ብሎ ያራግፈዋል። የናንግ ኮራ፣ የእትዬ ኮራ እንደማለት፣ ሱቅ ያለው ደግሞ የቀርከሃው ኩርባ ላይ ነው። ሦስት ባለሞተሮች በአንዴ ካርታቸውን ጥለው ተነሡ።

«ቁጭ በሉ» አለች ቲቸር። «ኔልፋ ታደርሰኛለች።»

ሰው ሁሉ ወደ ኔልፋ ዞረ።

«በፍጹም!» ጮኹ ቲያ ኒናይ። «ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም! ከበሩ ማለፍ ክልክል ነው!»

«ማን ሸኚኝ አለ ቲያ? እሷ ባለሞተር ናት፣ እኔ ተሳፋሪ። ተሳፋሪ ይሸኛል እንዴ?»

ቲያ ኒናይ ፊታቸውን ወደ ለውዛቸው መለሱ። «አለቀ! ተረቱ!» አለ ኡንዶይ የተባለው ባለሞተር ጭኑን እየመታ።

ኔልፋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ... እግርዎን...»

«እግሬማ ድኗል። ያልዳንኩት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ዛሬም የመጣሁት በጎመን መኪና ተጭኜ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ብወጣ ፍርሃቴ የሚለቀኝ አልመሰለኝም። ነይ ዳይ፣ ሁለት ፈሪ ሆነን እንሂድ።»

ዳይ ያለቻት እንደ ታናሽ እህት ነው። ኔልፋ በዚህች ቃል ተሸነፈች።

ቀይዋ ሞተር ከቤቱ ሥር ነበረች። «ስድስት ቀን ቆማለች፣ አትነሣም» አለ ኡንዶይ። ኔልፋ አንዴ ረገጠቻት። ሞተሯ ተነሣች። ነዳጁ እስከ አፉ ሙሉ ነው። አባቷ መቀመጫውን ሲጠርግ ታያት።

ቲቸር ከኋላ ወጥታ ወገቧን አንቃ ያዘች። የኔልፋን መዳፍ ላብ አጠመቀው፣ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጠቀጥ፣ አለች በልቧ፣ ማርሽ ለማስገባት የሚያስፈልገኝ የእግሬ ጣት ነው። አንደኛ ማርሽ። ሁለተኛ። ቁልቁለቱ ሞተሯን ተቀበላት። የጎመን ማሳው በግራ በኩል መሮጥ ጀመረ፣ ባሕሩ ታች ብልጭ አለ፣ ነፋሱ የሐዘን ጥቁር ሸሚዟን ነፋው። የመጀመሪያውን ኩርባ እንደ አሮጊት ታጠፈችው። ሁለተኛውን በመጠኑ። ሦስተኛው ላይ ሰውነቷ ሳትጠይቀው ራሱ አጋደለ፣ ያ የምታውቀው ደስታ ከሆዷ ተነሥቶ ደረቷ ላይ ወጣ። ስምንት ወር! ስምንት ወር ሙሉ ይህን ትቼ የት ነበርኩ!

«በሕይወት አለሽ ቲቸር?» አለች፣ አንቱታውን ነፋስ ወሰደው።

«እስካሁን!»

ከዚያ የቀርከሃው ኩርባ መጣ። የስድስት ቀን ዝናብ ጠጠሩን ከዳር እስከ ዳር አንጥፎታል። ኔልፋ ጠጠሩን አየችው፣ እጇ ወደ ፊት ፍሬኑ ሄደ።

«ጠጠሩን ካየሽ ጠጠሩ ላይ ነው የምትሄጂው» ይላት ነበር አባቷ፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ሳለ ከኋላዋ ተቀምጦ ጆሮዋ ላይ እየጮኸ። «መውጫሽን እዪ! ፍሬኑን ተዪው! መውጫሽን!»

ዓይኗን ከጠጠሩ ነቅላ ኩርባው ማዶ የሱቁ ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ ተከለችው። ጣቷን ከፍሬኑ አነሣች። ነዳጁን ሳትጨምር ሳትቀንስ ያዘችው። የኋላ ጎማው ሸርተት አለ፣ ቲቸር «ኡኡኡ!» ብላ ጮኸች፣ ጎማው መሬቱን መልሶ ያዘ፣ ወጡ። የቲቸር ኡኡታ መሐል መንገድ ላይ ወደ ሳቅ ተለወጠ፣ ኔልፋም አብራት እየጮኸች እየሳቀች ሱቁ በር ላይ አቆመች።

ናንግ ኮራ ወገቧን ይዛ እየሮጠች ወጣች። «ወደቃችሁ ብዬ ልቤ ቆመ! ይቅር በይኝ ዳይ፣ ይሄ ወገቤ አላጎነብስ ብሎኝ ነው፤ አባትሽ ከሞተ ወዲህ የጠረገው የለም።»

«ምኑን?»

«ጠጠሩን ነዋ! አልነገረሽም?»

ከሱቁ ጣሪያ ሥር፣ ምስማር ላይ፣ መጥረጊያ ተሰቅሏል። የተሰበረ እጀታው በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠፍሯል። አባቷ ሲጠፍረው ሽቦውን ያቀበለችው እሷ ናት። የቤታቸው መጥረጊያ ነው።

«በየማለዳው በቀይዋ ሞተር ይመጣል» አለች ናንግ ኮራ። «ይጠርጋል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይነዳበታል፣ ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ደግሞ ሲወርድ። በራስህ ሞተር ለምን አትሞክረውም ስለው፣ 'ልጄ የምታልፈው በዚች ጎማ ነው' ይለኛል። ሲጨርስ ይቆምና 'ደህና ነው፣ ዛሬ ብትመጣ ደህና ነው' ይላል። አምስት ወር ሙሉ! ንገራት እንጂ ብለው፣ 'ከነገርኳት ለእኔ ስትል እየተንቀጠቀጠች ትወጣለች' አለኝ።»

ኔልፋ ሞተሯ ላይ እንዳለች አለቀሰች። ባለቤቱ ሞቷል ብላው ነበር፤ ይኸው ባለቤቷ ራሷ ነድታ መጣች፣ እሱ ግን አላየም። ቲቸር ጀርባዋን አሻሸቻት።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወረደች፣ መጥረጊያውን ከምስማሩ አነሣች።

«ዳይ!» አለች ናንግ ኮራ ደንግጣ። «ሬሳው ገና ቤት ነው! ቲያ ኒናይ ቢሰሙ...»

«እዚህ ወለል የለም ናንግ፣ ጣሪያም የለም። ነገ አባዬ የሚያልፈው በዚህ ነው።»

ጠረገች። ከዳር ጀምራ፣ ጠጠሩን ወደ ገደሉ እየገፋች፣ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ጠረገች። ቲቸር ኤዲታ አፏን በዳቦ ሞልታ መሐል መንገድ ላይ ቆመች፣ እጇን ዘርግታ አንድ የጎመን መኪና አስቆመች። ሾፌሩ ጥሩንባውን ሲነፋ «የኖንግ ፒስቶ መንገድ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ሾፌሩም ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀ።

አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ኔልፋ ቀይዋን ሞተር አስነሣች። ወረደች፣ ወጣች፣ ደግሞ ወረደች። ጉልበቷ አልተንቀጠቀጠም። በሦስተኛው ቆመችና ወደ ኩርባው ዞረች።

«ደህና ነው አባዬ» አለች። «ነገ ብትመጣ ደህና ነው።»

መጥረጊያውን ወስዳ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው።