ከላስቲኩ ጀርባ የበራው ነገር

ወላሂ፣ ይሄ ታሪክ ጠብታ ውኃ አልተጨመረበትም። ያላመነ ሰርቦ ከተማ ሄዶ ይጠይቅ።

ሩፈይዳ ለጠፈር ቴሌስኮፕ የሚሆን የኢንፍራሬድ ስፔክትሮግራፍ ትነድፋለች፤ ዓይናችን የማያየውን የሙቀት ብርሃን ተቀብሎ እንደ ቀስተ ደመና የሚዘረጋ መሣሪያ ነው። የንድፏን ሞዴል ከነመስታወቱ፣ ከነፕሪዝሙ አምጥታ መስኮት በሌለው የአጎቷ የቲጃኒ የቡና መጋዘን ውስጥ ተከለችው። ዙሪያውን ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ቡና በሚሸፈንበት ጥቁር ላስቲክ ጋረደችው። የገዛ ጣትሽን አታዪም!

ከሰዓት በኋላ ቡድኗ በኢንተርኔት ይሰበሰባል። ንድፉ ባዕድ ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ ይጣላል፤ የሁለት ዓመት ልፋቷም አብሮ ገደል ገባ ማለት ነው።

የመሣሪያውን ስክሪን ከፈተች። ጨለማ መሆን የነበረበት ጥግ ላይ ፍም የመሰለ ነጥብ በርቷል። ፕሪዝሙን አዞረች፤ አልጠፋም። የብርሃን መግቢያውን በዚያው ላስቲክ ቁራጭ ደፈነች፤ እዚያው አለ። ይባስ ብሎ ነጥቡ ተንቀሳቀሰ! ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ቦግ አለ፣ ተመልሶ ወረደ።

«ያ ረቢ! አክስቴ፣ ይድረሱልኝ!»

የአጎቷ ሚስት ለጢፋ ከነማማሰያዋ እየሮጠች ገባች።

«ማል ጄታ? ምን ሆንሽ? ጅኒ ነው እንዴ?»

«እኔ እንጃ! በዚህ ላስቲክ የሚያልፍ ብርሃን የለም እኮ!»

ሩፈይዳ እጇን ከላስቲኩ ጀርባ ሰደደች። ስክሪኑ ላይ አምስት ጣቶቿ ነጭ ሆነው ወጡ! ሁለቱም ጮኹ። ለካ ላስቲኩ የጋረደው ዓይንን እንጂ ሙቀትን አይደለም።

«ታዲያ እዚያ የሚነደው ምንድን ነው?» አለችና ለጢፋ ላስቲኩን ገለጠችው።

ከጆንያዎቹ መሃል ቲጃኒ ቁጢጥ ብሎ፣ ጭሱን በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ውጭ እየነፋ ሲጋራ ያጨሳል። ባለፈው ረመዳን «አቁሜያለሁ» ብሎ ለሚስቱ የማለላትን ሲጋራ!

«አስተግፊሩላህ!» ብሎ ሊረግጠው ሲል ሩፈይዳ ጮኸች።

«አያጥፉት! አጎቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንዴ ይሳቡልኝ፣ ልቅረጸው! ለስብሰባው ማስረጃ ነው!»

ቲጃኒ ሚስቱን በፍርሃት አያት። «ምን ላድርግ ለጢፋ፣ ለሳይንስ ነው እኮ» አለና ሳበው። ነጥቡ ቦግ አለ። ሩፈይዳ ከፊቱ ቆርቆሮ ስትጋርድ ድርግም አለ። ጥፋቱ የላስቲኩ ነው፤ ንድፏ ንጹሕ! ቡድኑ ቪዲዮውን አይቶ «ሥራሽን ቀጥይ» አላት።

የለጢፋ ማማሰያ ግን ስብሰባውን አልጠበቀም። ተወረወረ፤ ቲጃኒ ጎንበስ ቢል በአናቱ ላይ አልፎ የቡናውን ጆንያ ቀደደው።

እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ጎንበስ አላለም።